ከለንደን እስከ ፓሪስ፦ የአንድ የበረራ ሰዓት ታሪክ

  የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ርእሴ ለታሪክ ጉባኤ ጥቂት እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ከለንደን እስከ ፓሪስ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በረራውስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ለሁለቱም አጭር መልስ አለ። በቀጥታ መስመር ሲለካ ርቀቱ ወደ 340 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የአየር መንገዶች የጊዜ ሰሌዳ ደግሞ ለበረራው አንድ ሰዓት ከሩብ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ጊዜ ይመድባል። የመጀመሪያው ቁጥር አልተለወጠም፤ ሁለተኛው ግን ረጅም ታሪክ አለው። ዛሬ ላስረዳ የምሻው፣ የበረራ ሰዓት ርቀትን ለፍጥነት በማካፈል ብቻ የሚገኝ ውጤት አለመሆኑን ነው። የመንግሥታት ውል፣ ነፋስ፣ አደጋ፣ የነጋዴ ስሌት፣ ጦርነትና የድንበር ቁጥጥር እየተደራረቡ የሠሩት ቁጥር ነው። ስለዚህም እንደ ማንኛውም የታሪክ ሰነድ ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው፣ ምን ሳይጽፍ ቀረ ተብሎ ሊመረመር ይገባዋል።

አባቶቻችን ርቀትን በጊዜ ይናገሩ እንደነበር ታውቃላችሁ። "የሦስት ቀን መንገድ" ሲባል በቅሎ ያለው፣ ጭነት የሚነዳው፣ በእግሩ የሚሄደው እኩል እንደማይደርሱ ሰሚው ይረዳል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ከመንገዱ ጋር መንገደኛው አብሮ አለ። ኪሎ ሜትር ግን መንገደኛውን አይጠይቅም። የንግግሬ ዓላማ ይህን የተረሳ መንገደኛ ወደ ስሌቱ መመለስ ነው።

ርቀቱ እንዴት ታወቀ

ከርቀቱ እንጀምር። በ18ኛው መቶ ዘመን ማገባደጃ የለንደንና የፓሪስ ሊቃውንት አንዱ ከተማ ከሌላው በትክክል የት እንደሚገኝ አልተስማሙም ነበር። ፈረንሳዊው የሥነ ከዋክብትና የካርታ ሊቅ ካሲኒ ደ ቲዩሪ በ1783 ለእንግሊዝ መንግሥት አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ የግሪኒችና የፓሪስ የከዋክብት መመልከቻዎች በምድር ላይ በሚደረግ የሦስት ማዕዘን ልኬት እንዲያያዙ የሚጠይቅ ነበር። ሥራው ለጄኔራል ዊልያም ሮይ ተሰጠ።

ሮይ በ1784 ክረምት ከለንደን በስተ ምዕራብ በሚገኘው ሀውንስሎ በተባለ ገላጣ ሜዳ ላይ የመነሻ መስመሩን ለካ። በመጀመሪያ የተጠቀመባቸው የእንጨት ዘንጎች በእርጥበት ምክንያት እየረዘሙና እያጠሩ ስላስቸገሩት በመስታወት ቱቦዎች ተካቸው። ውጤቱ 27,404 ጫማ ሆነ፤ ይህም ከ8 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ጄሲ ራምስደን የሠራው ታላቅ ቴዎዶላይት ሲደርስ ልኬቱ እስከ ዶቨር ጠረፍ ዘለቀ። በ1787 መጸው ከወዲህ እንግሊዛውያን፣ ከወዲያ ደግሞ ትንሹ ካሲኒ፣ ሜሼንና ሌዣንድር ሆነው በሌሊት መብራት እያበሩ በባሕሩ ላይ ማዕዘን ለኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የተዋጉ፣ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ እንደገና የሚዋጉ ሁለት መንግሥታት በመካከላቸው ያለውን ርቀት አብረው መለካታቸው ልብ ሊባል ይገባል። የሰላሙ ወቅት አጭር ነበር፤ ርቀቱ የታወቀውም በዚያች አጭር ወቅት ነው።

የሀውንስሎን ስም አትርሱ። የሮይ መስመር አንደኛው ጫፍ ያረፈው ዛሬ የሂትሮ አውሮፕላን ማረፊያ በሚገኝበት አካባቢ ነው። ከሀውንስሎ ሜዳ ደግሞ በ1919 ሌላ ነገር ይነሣል፤ እመለስበታለሁ።

ከአውሮፕላን በፊት

ሮይ ሲለካ፣ ከለንደን ተነሥቶ በሠረገላና በመርከብ ፓሪስ ለመድረስ ነፋሱ ከቀና ሦስት ወይም አራት ቀን ያስፈልግ ነበር። ነፋሱ ካልቀና መንገደኛው ዶቨር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የባሕሩ ጠባብ ክፍል 33 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከጉዞው ሁሉ የማይታመነው እርሱ ነበር።

የእንፋሎት መርከብና ባቡር ይህን ለወጡ። ቻርልስ ዲከንስ በ1851 ባሳተመው አንድ ጽሑፍ በፈጣን ባቡርና በመርከብ ከለንደን ፓሪስ በ11 ሰዓት መድረሱን ተርኳል። ለጽሑፉ የሰጠው ርእስ "በረራ" የሚል ነው። አውሮፕላን ሳይፈጠር ሰዎች በረርን ሲሉ ምን ማለታቸው እንደነበር ከዚህ እንረዳለን፤ ፍጥነት የሚለካው ትናንት ከነበረው አንጻር ነው።

በዚያው ዓመት ከዶቨር እስከ ካሌ በባሕር ውስጥ የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ ሥራ ጀመረ። ፖል ጁልየስ ሮይተር በጥቅምት 1851 ለንደን ላይ ቢሮ ከፍቶ የሁለቱን ከተሞች የአክሲዮን ገበያ ዋጋ በዚህ ገመድ ማስተላለፍ ያዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በለንደንና በፓሪስ መካከል ሁለት ርቀቶች አሉ፤ አንዱ የወሬ፣ ሌላው የሰው። የወሬው ርቀት ወደ ደቂቃዎች ሲወርድ የሰው ርቀት ግን በሰዓታት እየተቆጠረ ቀጠለ።

ሰዓቱ ራሱም አንድ አልነበረም። ቀኑን ከንጋት የምንቆጥር እኛ፣ ሰዓት የስምምነት ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የፓሪስ ሰዓት ከግሪኒች በ9 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ይቀድም ነበር። ፈረንሳይ በመጋቢት 1911 ባወጣችው ሕግ ይህን ልዩነት አስወገደች፤ ሆኖም የግሪኒችን ስም ላለመጥራት "የፓሪስ አማካይ ሰዓት በ9 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ የዘገየ" ብላ ደነገገች። የብሔራዊ ክብር ጉዳይ እስከ ሰከንድ ድረስ ይወርዳል ማለት ነው።

ነሐሴ 1919

ነሐሴ 25 ቀን 1919 ኤርክራፍት ትራንስፖርት ኤንድ ትራቭል የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከሀውንስሎ ወደ ፓሪሱ ለ ቡርጄ ዕለታዊ በረራ ጀመረ። በመደበኛነት የቀጠለ የመጀመሪያው ዕለታዊ ዓለም አቀፍ የመንገደኞች አገልግሎት ሆኖ ይጠቀሳል። አውሮፕላኑ ከጦርነት ተርፎ የተለወጠ ዲ ኤች 4 ኤ ሲሆን አንድ ጋዜጠኛ፣ ጋዜጦች፣ ቆዳ፣ የታደኑ የዱር ወፎችና የዴቨንሺር ክሬም ጭኖ ነበር። ከጠዋቱ 3፡10 ተነሥቶ ከረፋዱ 5፡40 ደረሰ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። የአንድ ጉዞ ዋጋ 21 ፓውንድ ስለነበር ከሀብታም፣ ከነጋዴና ከጋዜጣ ወኪል በቀር የሚደፍረው አልነበረም።

ከዚህ በረራ ጀርባ የነበረውን ፖለቲካ እንመልከት። በጥቅምት 1919 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የአየር ጉዞ ስምምነት እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ደነገገ። ሰማዩ ድንበር አወጣ። አብራሪው ከእንግዲህ ነፋስን ብቻ ሳይሆን ፈቃድንም መጠበቅ ነበረበት።

ገንዘቡም ሌላ ነገር ይነግረናል። የፈረንሳይ መንግሥት ኩባንያዎቹን በድጎማ ሲያግዝ የእንግሊዝ መንግሥት አየር መንገዶች ራሳቸውን ይቻሉ የሚል አቋም ያዘ። ፈር ቀዳጁ ኩባንያ በ1920 መጨረሻ ሥራውን አቆመ። በ1921 የካቲት ማብቂያ ላይ በመስመሩ አንድም የእንግሊዝ አውሮፕላን የማይበርበት ደረጃ ላይ ተደረሰ፤ መንግሥትም ጊዜያዊ ድጎማ ለመስጠት ተገደደ። በ1924 ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተቋቋመው በመንግሥት ድጋፍ ነበር። እንግዲህ ያ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፈጽሞ አውሮፕላን ሊሳፈሩ የማይችሉ ግብር ከፋዮች ጭምር የከፈሉበት ነው።

የነፋስ፣ የአደጋና የቃል ታሪክ

በዚያ ዘመን የበረራ ሰዓት በየቀኑ ይለያይ ነበር። ቀላል ስሌት እንሥራ። በ1931 በዚህ መስመር ሥራ የጀመረው ግዙፉ ኤች ፒ 42 በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝ ነበር። ነፋስ በሌለበት 340 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ከ8 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣበት ሁለት ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው በአንድ ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይደርሳል። አንድ መንገድ፣ አንድ አውሮፕላን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ልዩነት። ኩባንያውም ፍጥነትን ከሁሉ አላስቀደመም፤ ይሸጥ የነበረው ሰፊ መቀመጫና በአየር ላይ የሚቀርብ ምሳ ነበር። ተፎካካሪው "ወርቃማው ቀስት" የተሰኘው የባቡርና የመርከብ አገልግሎት መንገደኛውን ከከተማ ከተማ ለማድረስ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበት ስለነበር አውሮፕላኑ ቀስ ቢልም ይቀድመው ነበር።

ደኅንነት ግን ቀስ ብሎ፣ በሰው ሕይወት ዋጋ የተገኘ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1922 ከለንደን የሚመጣና ከፓሪስ የሚሄድ አውሮፕላን በሰሜን ፈረንሳይ በፒካርዲ ሰማይ ላይ ተጋጩ፤ በሁለቱም የነበሩት ሰባት ሰዎች ሞቱ። የዕለቱ አየር ጭጋጋማ ነበር። አብራሪዎች መንገድ እንዳይስቱ ከታች ያለውን አውራ ጎዳና ተከትለው ዝቅ ብለው ይበሩ ስለነበር፣ ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ከአደጋው በኋላ አውሮፕላኖች ቀኛቸውን ይዘው እንዲበሩና የተወሰነ መስመር እንዲከተሉ ስምምነት ተደረገ። ከዚህ በኋላ ቀጥታው መስመር የካርታ መስመር ብቻ ሆነ፤ አውሮፕላኑ የሚሄደው በተፈቀደለት መንገድ ነው።

በ1920 ሀውንስሎን የተካው የክሮይደን ማረፊያ በዚህ መስመር ምክንያት የሬዲዮ ቁጥጥር ማዕከል ሆነ። እዚያ የሬዲዮ ኃላፊ የነበረው ፍሬድሪክ ሞክፎርድ እንግሊዛዊውም ፈረንሳዊውም በችግር ጊዜ በቀላሉ የሚረዱትን ቃል እንዲፈልግ ተጠየቀ። "እርዱኝ" ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል "ሜይዴይ" የሚለውን ጥሪ አወጣ። ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚነሣ አብራሪም ቢቸገር የሚጠራው ይህንኑ ቃል ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰኔ 14 ቀን 1940 ፓሪስ በጀርመን ጦር እጅ ወደቀች። ከተማዋ በነሐሴ 1944 ነጻ እስክትወጣ ድረስ ለሰላማዊ መንገደኛ ከለንደን ፓሪስ የሚበር አውሮፕላን አልነበረም። ርቀቱ ያው 340 ኪሎ ሜትር ነው፤ የበረራ ሰዓቱ ግን የለም። ያ ዘመን እስከ ዛሬ የሚታይ አሻራ ትቷል። ወራሪው ጦር የፓሪስን ሰዓት ከበርሊን ጋር አስተካከለ፤ ፈረንሳይም ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቀድሞው አልተመለሰችም። ስለዚህ ከፓሪስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተነሣ አውሮፕላን ለንደን 4፡20 ላይ ይደርሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ሁለት ሰዓት ከሃያ የፈጀ ይመስላል። በቲኬት ላይ ያለችው ያች የአንድ ሰዓት ልዩነት የ1940 ቅሪት ናት።

ፍጥነት ጨመረ፣ ጊዜ አልቀነሰም

ሐምሌ 29 ቀን 1950 ቫይካውንት የተባለው አውሮፕላን ከለንደኑ ኖርቶልት ወደ ለ ቡርጄ መንገደኞችን ጭኖ በረረ። በተርባይን ሞተር የተደረገ የመጀመሪያው የመንገደኞች አገልግሎት ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ አንድ ሰዓት ወረደ ማለት ነው።

ከዚያስ? በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጄት 340 ኪሎ ሜትርን በ26 ደቂቃ ሊጨርስ ይገባው ነበር። ሰሌዳው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይላል። ምክንያቶቹ ግልጽ ናቸው። በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት አንሥቶ በደረሰበት መቆሚያ እስኪቆም ያለው ነው። ወደ መንደርደሪያው መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ መውጣትና መውረድ፣ በተጨናነቀ ሰማይ ላይ መዞር ሁሉ በውስጡ ናቸው። በአጭር መስመር ላይ ጄቱ ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ ላይ አየር መንገዶች ዘገዩ እንዳይባሉ በሰሌዳቸው ላይ ትርፍ ደቂቃዎችን ይጨምራሉ። ዘግይቶ ተነሥቶ "በሰዓቱ" የሚደርስ አውሮፕላን ምሥጢሩ ይህ ነው።

ለታሪክ ተማሪ የማሳስበው እዚህ ላይ ነው። የ1919ኙን 150 ደቂቃና የዛሬውን 75 ደቂቃ አጠጋግቶ "ጉዞው በእጥፍ ፈጠነ" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። መንገደኛው ግን ከመንደርደሪያ ላይ አይኖርም። በ1920ዎቹ ከከተማ ወደ ማረፊያው በመኪና የሚሄድበትን፣ የጉምሩክ ጊዜውንና ከለ ቡርጄ ፓሪስ የሚገባበትን ብንጨምር፣ በእኔ ግምት ጉዞው በጠቅላላው አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ዛሬ ወደ ሂትሮ የሚወስደውን፣ ለፍተሻ ቀድሞ የሚደረስበትን፣ በረራውንና ከሻርል ደ ጎል መሀል ከተማ የሚያስገባውን ስንደምር እንደገና አራት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እናገኛለን። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ የተገኘው ፍጥነት በምድር ላይ ባለ ወረፋ ተበልቷል።

ባቡሩ ያሸነፈውም በዚህ ክፍተት ነው። በባሕሩ ሥር የሚያልፈው፣ በጠቅላላው 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ዋሻ ግንቦት 6 ቀን 1994 ተመረቀ፤ በኅዳር ወር ዩሮስታር መንገደኞችን ማመላለስ ጀመረ። መጀመሪያ ሦስት ሰዓት የፈጀው ጉዞ፣ በእንግሊዝ በኩል አዲሱ ፈጣን ሐዲድ በ2007 ሲጠናቀቅ ወደ ሁለት ሰዓት ከሩብ ወረደ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከሚጓዘው ሰው አብዛኛው ወደ ባቡሩ ዞረ። ባቡሩ ከአውሮፕላን አይፈጥንም፤ ነገር ግን ከመሀል ከተማ ተነሥቶ መሀል ከተማ ያወርዳል።

ርቀቱ ለማን?

እስካሁን የተናገርሁት ድንበሩ ክፍት ስለሆነለት መንገደኛ ነው። ብሪታንያ የሸንገን ስምምነት አባል ሆና አታውቅም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተመራማሪ ለንደን ቤተ መዛግብት ሠርቶ ፓሪስ ባለ ሌላ ቤተ መዛግብት ሊቀጥል ቢያስብ ሁለት ቪዛ ያስፈልገዋል። የሸንገኑ መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ለኢትዮጵያውያን በ2024 ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ተደርጓል፣ የእንግሊዙ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ለዚህ ሰው ከለንደን እስከ ፓሪስ የሳምንታት መንገድ ነው። በዘመነ ሠረገላ ከነበረው መንገደኛ ይልቅ ይርቅበታል።

ከእርሱም የሚርቅበት አለ። ካሌ ዙሪያ ባሉ መጠለያዎች ወደ እንግሊዝ ለመሻገር ወራት ከጠበቁት ስደተኞች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይገኙበታል። የሮይና የሌዣንድር መብራቶች በሌሊት የተያዩበት ያ 33 ኪሎ ሜትር ባሕር በትናንሽ ጀልባ የሞከሩትን ብዙዎችን በልቷል። ከራሳቸው በላይ በየዕለቱ አውሮፕላን ያልፋል፤ ከእግራቸው ሥር ባቡር ይሮጣል። ለእነርሱ የበረራ ሰዓት የሚባል ቁጥር አልተጻፈም።

ይህን የምጠቅሰው ለማሳዘን ሳይሆን የሥራችን ጉዳይ ስለሆነ ነው። የመጓጓዣን ታሪክ የምንጽፈው በአብዛኛው ከኩባንያ ሰሌዳና ማስታወቂያ ተነሥተን ነው፤ እነዚህም የተጻፉት ትኬት ለሚገዛ ሰው ነው። ሰሌዳው አይዋሽም፤ የሚናገረው ግን ስለ አውሮፕላኑ ነው። ስለ ሰዎች ለማወቅ የፓስፖርት መዝገብን፣ የጉምሩክ ደብተርን፣ የመንገደኛ ደብዳቤን ከጎኑ ማስቀመጥ ያሻል።

ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ አንድ መስመር ይምረጥ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ፣ ከጎንደር እስከ መተማ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በየዘመኑ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ጉዞው የት ጀምሮ የት አለቀ ተብሎ ነው ጊዜው የተቆጠረው? ለጊዜው ማጠር የከፈለው ማን ነው? በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ፣ ለመሄድ ፈልጎ ያልተፈቀደለትስ ማን ነበር? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ በሰሌዳ ላይ ስለማይገኝ ብዙ ድካም ይጠይቃል፤ እኔ ግን ከዚያ እንድትጀምሩ እመክራለሁ።